መጀመሪያ የቱን?

ዛሬ ልቤ ምንም አልፈለገም። የነሐሴ እሑድ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ስልክ ማንሳት ራሱ ደበረኝ። እንዲህ ያለ ቀን ሰው ወይ ይተኛል ወይ ከሰው ይጣላል። የምጣላው ሰው ስላልነበረ ኮምፒውተሩን ፈታሁት።

ያው ያ ኤስኤስዲ ነው፤ በሃርድ ዲስክ ፋንታ ፋይል የሚያስቀምጠው። ሥራ ላይ እያለሁ ብን ብሎ የሚጠፋው። አሁን የነበረው ዲ ድራይቭ ዞር ስል የለም። ሪስታርት ማድረግ ብቻ አይበቃውም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ፣ ትንሽ ቆይቼ ስመልሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ቢያንስ ያንኳኳል፣ ያቃስታል፤ ሰው ይዘጋጃል። ይሄኛው ድምፅ የለው፣ ስንብት የለው።

ዊንዶውስ ደግሞ ጥፋቱን በሥርዓት ይመዘግባል። ኢቨንት ቪወር ውስጥ ገብቼ ሳይ ቁጥር 157 ተደርድሯል፤ ትርጉሙ ዲስኩ ሳይታሰብ ተነቅሏል ነው። ማን ነቀለው? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ድመቷ ነን።

መገናኛ ያለው ልጅ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ብሮ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው» ብሎኝ ነበር። የከተማችን ቴክኒሻን ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነው ያለው። ራሴን አመመኝ ብትለው ፎርማት ላድርግህ ከማለት አይመለስም።

እኔ ግን የጠረጠርኩት ገመዱን ነበር። የዲስክ ጤና በሚያሳየው ፕሮግራም ላይ ሲ7 የምትባል መስመር አለች። በኬብሉ ሲያልፍ የተበላሸ መረጃ ባጋጠመ ቁጥር አንድ ትጨምራለች። ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አታውቅም። ኬብሉን ብትቀይርላትም የድሮውን አትሰርዝም፤ መጨመሯን ብቻ ታቆማለች። ቂመኛ ናት። ስለዚህ የሚያስፈራው ብዛቷ አይደለም፤ ዛሬም እየጨመረች ከሆነ ነው። የእኔዋ እየጨመረች ነበር።

ኬብሉን በጣቴ ነካ ሳደርገው ተወዛወዘ። ጫፉ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዝ ብረት የለውም። ለነገሩ ሳታ የሚባለው የዲስክ መሰኪያ ከመጀመሪያውም ብዙ እንዲነካካ አልተሠራም፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው 50 ጊዜ ያህል ተሰክቶ እንዲነቀል ብቻ ነው የታሰበው። ብረት ባለው ቀየርኩት። ሲ7 ቀጥ አለች። ደስ ብሎኝ ሻይ ጣድኩ። ሻዩ ሳይፈላ ዲስኩ ተሰወረ።

ከዚያ በኋላ በሁሉም ነገር መጠርጠር ጀመርኩ። ኃይል ለመቆጠብ ዲስኩን የሚያስተኛውን ሴቲንግ አጠፋሁ። ፈርምዌሩን፣ ማለትም ዲስኩን ራሱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አየሁ። ፈርምዌር ጉድ ይሠራል። ክሩሻል ኤም4 የሚባለው ኤስኤስዲ 5184 ሰዓት ከሠራ በኋላ በየሰዓቱ ይሰወር እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ማስተካከያ እንደወጣለት አንብቤያለሁ። አጥፍተው ሲያበሩት አንድ ሰዓት ይሠራል፣ እንደገና ይጠፋል። የእኔው ግን እንዲህ ሰዓት አክባሪ አይደለም።

የቀረው የመብራቱ ገመድ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው የሳታ ገመድ ስላልበቃ ድሮ አንድ ማባዣ ገብቶለት ነበር፤ ባለ 4 ቀዳዳውን ትልቁን መሰኪያ ወደ ሳታ የሚቀይረው ዓይነት። አንዷ ቀዳዳ ውስጥ ያለችው ብረት ሰፍታለች። ለአፍታ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ዲስኩ ምን ያድርግ፣ መሄድ ነዋ።

ማባዣውን ላወጣ ስል ቆም አልኩ። ከመነካካቴ በፊት ያለውን ልገልብጥ። የሥራው ፋይል ሌላ ቦታ አለ፤ እዚህ ያለው የራሴ ጣጣ ነው። ኤክስተርናሉን ሰካሁ፣ አበራሁ፣ ዲስኩ መጣ። ምን ያህል እንደሚቆይ አይታወቅም። ምናልባት አሥር ደቂቃ፣ ምናልባት እስከ ማታ። ማውሱን ይዤ ፎልደሮቹ ፊት ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቱን?

የእህቴ ሠርግ አለ፤ እሱን ከጀመርኩ ደቂቃዎቹን ሁሉ ብቻውን ይበላቸዋል። እማማ ስለ ልጅነቷ ስታወራ በስልክ የቀዳኋት አለች፤ ትንሽዬ ፋይል ናት፣ ድምፁ ላይ የጎረቤት ዶሮ ይሰማል። «ጥምቀት 2011» አለ። «የማይነካ» የሚል አለ፤ ለምን እንደማይነካ ረስቻለሁ። «አዲስ ፎልደር (3)» አለ።

ይህን እያየሁ አልበማችን ትዝ አለኝ። ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዳንቴሉ ላይ የሚቀመጠው። እንግዳ ከመጣ ምግቡ እስኪቀርብ አልበም ይሰጠው ነበር። የፕላስቲኩ ገጾች ተጣብቀው ሲላቀቁ የሚያሰሙት ድምፅ ነበራቸው። እንግዳው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል፤ ማሚ ከጓዳ ሆና ሳታይ ትመልሳለች፤ በስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ታውቀዋለች። አንድ ገጽ ላይ ፎቶ የተነሳበት ባዶ ቦታ ነበር፤ ዙሪያው ቢጫ፣ መሐሉ ነጭ። ስለዚያ ማንም አይጠይቅም። ጋሼ ካሉ ደግሞ ገጹ በፍጥነት ይገለበጣል።

የፎቶዎቹ ጀርባም ሌላ ዓለም ነው። «ለማልረሳሽ እህቴ ለማስታወሻ ይሁንሽ»፣ ከታች ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ሁለት ሰረዝ። ዛሬ ማን ለፎቶ ይፈርማል?

ያኔ መራጭ ነበረ። ፊልሙ 36 ነው፤ ፋሲካው፣ ልደቱ፣ ምርቃቱ ሁሉ በእሱ ነው የሚያልቀው። «ፊልም አታባክኑ!» የሚል አንድ አጎት አይጠፋም። ካሜራው ፊት ለመቆም ፀጉር ይበጠራል፣ ሳቅ ይዋጣል። ታጥቦ ሲመጣ ደግሞ ማሚ ቁጭ ብላ ይሄ ይግባ፣ ይሄ ይቅር ትላለች። እኔ የአንድ የጥምቀት ቀን ብቻ ከአልበሙ ሙሉ የሚበልጥ ፎቶ አለኝ። ግማሹ የሰው ጀርባ ነው።

አልበሙ ዛሬም አለ። ሳጥን ውስጥ ተከቶ ዓመታት ይቀመጣል፣ ምንም አይጠይቅም። ኤስኤስዲ እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው ፍላሽ ሜሞሪ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ቶሺባ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያቀረበው የፍላሽ ሜሞሪ ሐሳብ ኤሌክትሮን በጠባብ ቦታ አስሮ ማቆየት ነው። የታሰረው ግን ቀስ እያለ ያመልጣል። ብዙ ተጽፎበት ዕድሜውን የጨረሰ ተራ ኤስኤስዲ መብራት ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት ከያዘ የሚጠበቅበትን ተወጥቷል። አዲሱ ይበልጥ ይቆያል፤ ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ ከተህ የምትረሳው ነገር አይደለም። የእማማ ድምፅ የታሰሩ ኤሌክትሮኖች መሆኑን ሳስብ አንድ ነገር ወረረኝ። እሷ ብትሰማ በስመ አብ ብላ ታማትብ ነበር።

ምን ያህል እንዲህ እንደቆየሁ እንጃ። ዝናቡ አባርቷል፤ ኤክስተርናሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይጠብቃል። በመጨረሻ እጄ ሄዶ የያዘው ሠርጉን አይደለም፣ እማማንም አይደለም። «አዲስ ፎልደር (3)»ን ነው። ኮፒ፣ ፔስት። ምን እንዳለበት ስለማላውቅ መሰለኝ። የማውቀውን ቢጠፋም አስታውሰዋለሁ ብዬ ይሆን? ወይስ የሰው ልብ ሁልጊዜ ያላየው ነገር ውስጥ ወርቅ ያለ ይመስለዋል?

ከፈትኩት። የባንክ ስክሪንሾት ነው። በሙሉ። እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል ብር አስተላልፏል፣ እናመሰግናለን። ታላቁ ቅርሴ። የእማማ ድምፅ ከኋላ ተራ ይዞ የዳነው የዝውውር ደረሰኝ ነው።

አንዱ ላይ ዓይኔ ቀረ። 3,000 ብር ልኬያለሁ። የተቀባዩ ስም እስከ አያቱ ተጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሰውየውን አላውቀውም። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «እንደተነጋገርነው» ብዬ ጽፌያለሁ።

ምን ነበር የተነጋገርነው?