ግድግዳ አይቼ ዋልኩ

ዛሬ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ነበርኩ። የሄድኩት ሥዕል ለማየት ነበር፤ ግድግዳው ግን አላሳልፍ አለኝ።

ጭቃ ነው እኮ! ጭቃና ጭድ። እንደ ጥልፍ፣ እንደ ውሃ ሞገድ የሚጥመዘመዝ ቅርጽ ወጥቶለታል። ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያስገባው፣ ማታም ቀስ ብሎ ይለቀዋል። የኔ የኪራይ ቤት ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። ቀን ምድጃ፣ ሌሊት ፍሪጅ።

አያቴ ትዝ አለችኝ። ቤት ሊመረግ ሲል ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰነብታል። የምንረግጠው እኛ ልጆች ነበርን። ሽታው አይነሳ! ዛሬ ያ ጭቃ «ዘላቂ ግንባታ» ተብሏል፤ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር።

ግቢውን ያቋቋሙት ሠዓሊ ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ነው ለሕዝብ የተከፈተው። አትክልቱ፣ ላሞቹ፣ የድንጋይ መንገዱ... አዲስ አበባ መሆኔን ረስቼው ነበር።

አንድ ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ጭቃ ዝናብ አይወድም፤ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍና በየጊዜው የሚያድሰው እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ደግሞ እየጠፋ ነው። ለመሆኑ ደህና አድርጎ የሚመርግ ሰው የምታውቁ አላችሁ?