ሚኒሞ ሲዛባ ካርቡሬተር ለማሳጠብ አትቸኩሉ

የሞተር ሳይክል ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ሲዛባ ምክሩ ሁሌ አንድ ነው፦ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ክፍል፣ «ካርቡሬተሩን አሳጥበው»። መካኒኩም፣ ጓደኛም፣ ሞተር ነድቶ የማያውቀውም ይህንኑ ይላል። «ቆይ፣ መጀመሪያ የካርቡሬተሩን ማገናኛ ጎማ እይ» የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

የኔዋ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 150 ሲሲ፣ ካርቡሬተር ያላት ናት። ማንዋሏ ሚኒሞውን በደቂቃ 1400 ዙር ይላል፤ 100 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ጠዋት ስትነሳ ሸጋ ናት። ስትሞቅ ግን ጉድ ነው። ነዳጅ ለቅቄ ስቆም ዙሩ አልወርድም ብሎ ከላይ ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ጭራሽ ታች ወርዶ ትጠፋለች። የሚኒሞውን ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) ጠበቅ ሳደርገው ትጮኻለች፣ ላላ ሳደርገው ትጠፋለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ይንጣጣል።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) ነጣ ብሏል፣ ክፍተቱ ግን ልክ ነው። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነው። መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ ሳዞር ዙሩ አይለወጥም፣ ስለዚህ የነዳጁ ካቦ አይደለም። የቫልቭ ክፍተቱም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ ደህና ነው። ማንዋሉ ቫልቭን በኪሎሜትር ቆጥራችሁ እዩ ይላል። እኔ ግን ሚኒሞ በተዛባ ቁጥር ካርቡሬተር ከመፈታቱ በፊት ይታይ ባይ ነኝ። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም። ያኔ ካርቡሬተሩን በወርቅ ብትለብጡትም ዋጋ የለውም።

ከዚያ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ድምጿን እንኳ ሳይሰማ «ካርቡሬተሩ ነው» አለ። የነጣውን ካንዴላ አሳየሁት። ነጭ ካንዴላ ማለት ወይ ቤንዚን አንሷል፣ ወይ አየር በዝቷል ማለት ነው። እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቤንዚን ካነሰ ቀዳዳ ተደፍኗል፣ አለቀ። ቀጥሎ ያደረገውን ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል። ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ጄት ፈታና፣ ወደ ብርሃን አንስቶ እንኳ ሳያያት፣ ሽቦ ከትቶ ይጎረጉራት ጀመር። የጄቷ ቀዳዳ እኮ ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም! ነሐስ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ ያሰፋዋል፣ አንዴ ከሰፋ መመለሻ የለውም። ጄት የሚጸዳው በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ግፊት ነው። በዚያ ካልተከፈተ አዲስ መግዛት ነው እንጂ ሽቦ፣ መርፌ፣ ምናምን አይነካውም። ይህን ስነግረው «ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው» አለኝ።

የሚያናድደው ደግሞ ሞተሯ ተሻላት። እሱም በኩራት «አየህ?» አለ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከየት እንደሚገባ ያልታወቀ ትርፍ አየር ነበር፣ አሁን በሰፋችው ጄት ትርፍ ቤንዚን ተጨመረበትና ሁለቱ ጥፋቶች ተቻቻሉ። ብዙም አልቆየም። ጠዋት ጠዋት ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ከበፊቱ የባሰ የቤንዚን ፍጆታ። ስትሞቅ ደግሞ ያው የድሮ ጣጣዋ። ተመልሼ ስሄድ «እንግዲህ አርጅታለች» ብሎኝ እርፍ።

መንገዱን ያሳየኝ ቾክ ነው። ሞቃ ዙሩ አልወርድም ሲል ቾኩን ትንሽ ሳብ ሳደርገው ሚኒሞው ረጋ አለ። ቾክ አየር ይቀንሳል፣ ጄቷ ሰፍታ ቤንዚንም አላነሰም፣ ስለዚህ የበዛው አየር ነው። አየር ደግሞ በካርቡሬተሩ ብቻ አይገባም። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ራስ ጋር የምታገናኘው ጎማ ከተሰነጠቀች በዚያም ይገባል። ሚኒሞ ላይ ነዳጅ ስለማይሰጥ የካርቡሬተሩ በር ዝግ ነው፣ ሞተሩ በኃይል ይስባል፣ የሚያስፈልገውም አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ ትንሽ ስንጥቅ ሁሉን ታበላሻለች። ነዳጅ ሲሰጥ ግን የሚገባው አየር ብዙ ስለሆነ ስንጥቋ አትታወቅም። ለዚህ ነው ስነዳት ምንም የማይሰማኝ።

ሌላ መካኒክ ጎማዋን ፈትሾ «ደህና ናት» ብሎኝ ነበር። የፈተሸው ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው፤ የኔዋ ስንጥቅ የምትከፈተው ስትሞቅ ነው። እኔ በደንብ አሙቄያት፣ ሚኒሞ ላይ ትቻት፣ በመርጫ ጠርሙስ ውኃ በጎማዋ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ ረጨሁ። ከላይ ምንም የለም። ከጎንም የለም። ከታች፣ ፋሼታው (የጎማዋ ማሰሪያ) ሥር ሲደርስ ዙሩ ወዲያው ተዛባ። ፈትቼ ጠምዘዝ ሳደርጋት ስንጥቋ አፏን ከፈተች። ብዙ ሰው ለዚህ ፍተሻ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫል። የጋለ ሞተር ላይ የሚነድ ነገር መርጨት እብደት ነው፣ ውኃ ይበቃል።

ጎማዋን፣ ኦሪንጓን (የማሸጊያ ቀለበቷን) እና ጄቷን በአዲስ ቀየርኩ። ጄት ስትገዙ ፋብሪካው የሚለውን ቁጥር ውሰዱ። ጎማዋን በሲሊኮን ልለጥፍልህ የሚል ካለ አመስግናችሁ ሂዱ፤ ቤንዚን ያላቅቀዋል፣ ፍርፋሪውም ወደ ሞተሩ ይሳባል።

የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ የሚያስተካክለው ቪቴ ላይም ተጠንቀቁ። ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ በኩል ካለ የቤንዚን ነው፣ ሲፈታ ቤንዚን ይጨምራል። ወደ ፊልትሮው በኩል ካለ የአየር ነው፣ ሲፈታ አየር ይጨምራል። ይህን ሳይለዩ የሚያዞሩ ሰዎች በዝተዋል። እስከ መጨረሻው በቀስታ አስገቡት፣ ሳትጫኑ፣ ከዚያ በማንዋሉ ልክ ፍቱት። ብዙዎቹ ላይ ከ1.5 እስከ 2.5 ዙር ነው። የሚኒሞውን ቪቴ መጨረሻ ላይ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ 1400 ላይ አድርጉት። ጠዋት ቀዝቅዛ ብትንተፋተፍ ቾክ አለላችሁ፣ ለዚያ ብላችሁ ቪቴውን አትንኩት።