ተራ ያዥልኝ

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን አላውቅም። ዝናቡ ይሁን፣ ሁለት ቀን አከታትዬ የሠራሁት ደብል ሺፍት ይሁን፣ ብቻ ሰውነቴ ዝሎ ልቤ አልተኛም። አንድ ነገር ረስቼ የመጣሁ ዓይነት ስሜት ነበረኝ። እንዲህ ሲያደርገኝ ስልኬን አነሳለሁ። የምንሳፈርበት መርከብ አፕ መልእክት ልኮልኛል። «ቅድሚያ መሳፈሪያ፤ የቀረው ጥቂት ነው» ይላል። ከሥሩ ዋጋው አለ፤ ለአንድ ክፍል 130 ዶላር።

ስለ ክሩዙ፣ ስለ መርከብ ሽርሽራችን፣ ነግሬያችኋለሁ። እማዬን ይዤ ከቦልቲሞር ወደ ቤርሙዳ። ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት። ፍልሰታ ሳይፈታ አልሄድም ስላለች ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሆነ። ረቡዕና ዓርብ መርከብ ላይም ቢሆን እንደምትጾም ከአሁኑ አስታውቃለች። ቦልቲሞርን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ፍሎሪዳ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ሆቴል፣ ከዚያ ወደብ የሚባል ጣጣ የለውም።

«ድልድዩ የወደቀበት ቦልቲሞር?» አለችኝ ስነግራት። አዎ፣ እሱ። በ2024 ማርች 26 ሌሊት አንድ የጭነት መርከብ መትቶት የወደቀው ድልድይ። ያን ሌሊት አስፋልት ሲጠግኑ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሞተዋል። ሁሉም እንደኛው ስደተኞች ነበሩ፤ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስ፣ ከኤል ሳልቫዶር። ከመርከቡ የድረሱልኝ ጥሪ መጥቶ ፖሊሶች መኪና ባያስቆሙ ኖሮ ከዚያም በላይ ሰው ይሞት ነበር። እኔም በዚያ ድልድይ ላይ ስንቴ በሌሊት አልፌያለሁ። የእኛም መርከብ ወደ ባሕር ስትወጣ በዚያው ነው የምታልፈው። እማዬ «እዚያ ስንደርስ ንገሪኝ፣ አባታችን ሆይ እደግምላቸዋለሁ» ብላኛለች።

ወደ ቅድሚያው ልመለስ። ከከፈልሽ ተርሚናሉ ላይ ሌላ መስመር አለሽ። ቀድመሽ ትገቢያለሽ። ክፍልሽ ቶሎ ይከፈትልሻል፣ ሻንጣሽም ከሌላው ሰው ሻንጣ ቀድሞ በርሽ ላይ ይደርሳል። መርከቡ ወደብ መጠጋት በማይችልባቸው አገሮች ሰው በትንንሽ ጀልባ ሲወርድም ቅድሚያ ታገኛለሽ። ይኼኛው ለእኛ አይጠቅመንም፤ ቤርሙዳ ላይ መርከብ በቀጥታ ዶክያርድ የሚባለው ወደብ ነው የሚጠጋው።

የመድረሻ ሰዓት በነጻ መምረጥ ይቻል ነበር። ቼክ ኢን በተከፈተበት ቀን የገባ ሰው የጠዋቱን ሰዓት ይወስዳል። እኔ በሥራ ምክንያት ሦስት ቀን ዘግይቼ ገባሁና የቀረው 1:30 ብቻ ሆነ። ለእማዬ «1 ሰዓት ተኩል ነው» ስላት ከንጋቱ መሰላት። «ታዲያ ሌሊት ነው መነሳት ያለብን» ብላ ልብሷን ልታዘጋጅ ስትነሳ ነው የገባኝ። 7 ሰዓት ተኩል ማለቴ ነው፣ እማዬ። ከቀኑ።

የሥራ ባልደረባዬ፣ ያቺ በየዓመቱ ክሩዝ የምትሄደው፣ «ብርሽን አታባክኚ» ብላኛለች። መርከቡ የሚነሳው ለሁሉም በአንድ ሰዓት ነው ትላለች። ግፊያው ረፋዱ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስትሄጂ ሰልፉ አልቆ ሰተት ብለሽ ትገቢያለሽ ትላለች። ክፍሎቹም ቢሆኑ እስከዚያ ሰዓት አይደርሱም። ይህንን እኔም አውቀዋለሁ። መርከቡ በዚያው ዕለት ጠዋት ነው ከሌላ ጉዞ የሚመለሰው። ከ2,000 በላይ ሰው ይወርዳል፣ ክፍሉ ሁሉ ይጸዳል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ 2,000 ሰው ይገባል። አሜሪካ እንደመጣሁ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። አንድ እንግዳ ክፍሌን ቀድማችሁ ክፈቱልኝ ሲል የማን ወገብ እንደሚጎብጥ አውቃለሁ። ይህንን ሳስብ እጄ ከስልኩ ላይ ይነሳል።

ግን የእማዬ ጉልበት አለ። 20 ደቂቃ ከቆመች በኋላ ፊቷ ይለወጣል። አመመኝ አትልም፤ ዝም ትላለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ ታደርግና ሌላ ነገር የምታይ ትመስላለች። እኔ ግን አውቃታለሁ።

ዊልቸር መጠየቅ እችላለሁ፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ሠራተኛ ከበሩ ተቀብሎ ይዟት ይገባል። እማዬ ግን አሻፈረኝ አለች። የሚገርመኝ ደግሞ መጀመሪያ ደለስ ኤርፖርት የመጣችው በዊልቸር ነው። ያኔ ጉልበቷ ደህና ነበር። የእናቶቻችንን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ቋንቋ ስለማይችሉ፣ የሚመራቸው ሰው እንዲኖር ብለን ዊልቸር እናስመዘግብላቸዋለን። እየተገፋች ስትወጣ አይታኝ ከወንበሩ ተነስታ ሮጣ ነበር ያቀፈችኝ። ያኔ ሳያስፈልጋት ተቀመጠች። አሁን ሲያስፈልጋት «ልጄ፣ እኔ እኮ ገና መራመድ አላቃተኝም» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ስለዚህ 130 ዶላር ከፍዬ፣ ምንም ሳልነግራት፣ በአጭሩ መስመር ይዣት ብገባስ? እያልኩ ሳለሁ የሆነ ነገር ያዘኝ። እማዬ ያንን ረጅም ሰልፍ ስታይ፣ እኛ በጎን ስናልፍ፣ ምን እንደምትለኝ ሰማሁት። «እነዚህስ?» ነው የምትለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ሁሉ ስለ መርከብ አልነበረም።

ከልጅነቴ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ነገር ወረፋ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር ገባ ከተባለ ሰፈሩ በሌሊት ይነቃል። በኩፖን ነበር፤ እንደ ቤተሰቡ ብዛት የተወሰነ ኪሎ። ኩፖን ኖሮሽም ስኳሩ ላይደርስሽ ይችላል። ስለዚህ ሰው ሊነጋጋ ሲል ይወጣል። አንዱ ራሱ ይቆማል፣ አንዱ ዘንቢሉን ያስቀምጣል፣ አንዱ ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩን አስቀምጦ ኋላው ላለው ሰው «ተራ ያዥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ማንም አይነካውም። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው፣ ከዚያ ዘንቢል፣ ከዚያ ሁለት ሰው፣ ከዚያ ድንጋይ። በልጅነት ዓይኔ ድንጋዮቹም የሚበርዳቸው ይመስለኝ ነበር።

የእኛ ድንጋይ ጥቁር ነው፤ አንድ ጎኑ የተሸረፈ። እማዬ ከቤት ይዛው ትወጣለች፣ ይዛው ትመለሳለች። ቀን ቀን በሩን እናስደግፍበት ነበር።

ያኔ ታናሽ ወንድሜ ጡት ይጠባል። እማዬ ተሰልፋ፣ ወንድሜ እቤት ሲያለቅስ እኔ ሮጬ እጠራታለሁ። ድንጋዩን አስቀምጣ ትመጣለች፣ አጥብታው ትመለሳለች። ከኋላችን ሁልጊዜ የምትቆም አንዲት ሴትዮ ነበረች። አረንጓዴ ሹራብ ነበራት፤ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጠገነ። ሰልፉ ወደፊት ፈቅ ሲል ድንጋያችንን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። አንድ እርምጃ፣ ገፋ። አንድ እርምጃ፣ ገፋ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሳታየው። እኔ ሰልፉን እንድጠብቅ የተተውኩ ጊዜ ያንን እግር ብቻ ነበር የማየው። ላስቲክ ጫማ፣ ካልሲ የሌለው፣ ብርዱ የሰነጠቀው ተረከዝ።

አንድ ቀን የሱቁ ሠራተኛ፣ የአባቴ የሩቅ ዘመድ፣ ልጅ ልኮ እማዬን አስጠራት። በጓሮ በኩል ትምጣና ድርሻዋን ትውሰድ ነው መልእክቱ። እኔ ደስ አለኝ። እጇን ጎተትኩ። እማዬ ልጁን «እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ፣ ተራዬ ደርሷል» ብላ መለሰችው። ተራዋ አልደረሰም። ከፊታችን ስንት ሰው ነበር! በዚያን ቀን ስኳሩ ሦስት ሰው ሲቀረን አለቀ። እቤት እስክንደርስ አለቀስኩ። ለምን በጓሮ አልገባንም፣ ለምን፣ ለምን። እማዬ ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የመለሰችልኝ። «ታዲያ ነገ ድንጋዬን ማን ይገፋልኛል?»

ያን ጊዜ አልገባኝም። ሻይ ያለ ስኳር የጠጣሁት ብቻ ነው የገባኝ። ማታ በር ተንኳኳ። አረንጓዴ ሹራብ። በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዛለች፣ የእጅ መዳፍ የምታህል። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ እሷም ከኋላችን ስለነበረች አልደረሳትም። ካለፈው የቆጠበችው ይሆናል። «ለልጆቹ» አለችና አልገባም ብላ ከደጅ ተመለሰች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ መጣብኝ። 130 ዶላሩ ከጓሮ በር ጋር አንድ ነው ልል አልችልም። በግልጽ ይሸጣል፣ ዋጋው ይታወቃል፣ የፈለገ ይገዛል። ማንንም አልሰረቅኩም። ለታመመ ጉልበት ደግሞ ሰልፍ ማሳጠር ኃጢአት አይደለም። የእማዬ ጉልበት የተጎዳው እኮ እዚያው ብርድ ላይ ለእኛ ስትቆም ነው፤ ሐኪሙ እንዲህ አላለኝም፣ እኔ ነኝ የምለው። እሷ ለእኔ የቆመችውን ያህል እኔ አንድ ቀን ከፍዬ ላስቀምጣት ብል ምን አለበት? ይህንን እያልኩ ደግሞ «እነዚህስ?» የሚለው ድምፅዋ አይለቀኝም። ከእኛ ኋላ የምትቆም አንዲት ሌላ እናት ትታየኛለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዝም ብላ ሌላ ቦታ የምታይ። የእሷ ልጅ 130 ዶላር ላይኖራት ይችላል።

በዘጠኝ ሰዓት እማዬ ለጸሎት ስትነሳ ሰማኋት። መጀመሪያ አልጋው ይንቋቋል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ አለ። ጉልበቷ እስኪታዘዝላት ነው የምትጠብቀው። ከዚያ እግሯ ወለሉን ሲነካ። ያንን ዝምታ በየሌሊቱ እየሰማሁ ኖሬያለሁ። ትናንት ግን ርዝመቱ አስፈራኝ።

ጠዋት ቡና አፈላሁ። ስለ ቅድሚያው በግልጽ ልነግራት፣ እሷው እንድትወስን ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«እማዬ፣ ያቺ ባለ አረንጓዴ ሹራብ ሴትዮ ስሟ ማን ነበር?»

ስኒውን ወደ አፏ ልትወስድ ነበር፤ አየር ላይ ቆመ። የማንን፣ የትኛዋን አላለችም። ወዲያው ነው የገባት።

«እትዬ ነበር የምላት» አለች። «እሷም እኔን እትዬ ትለኝ ነበር። ስሟን… ስሟንስ አልጠየቅኳትም።» ደነገጠች። «ያን ሁሉ ዓመት ስሟን አልጠየቅኳትም?»

የምታውቀውን ነገረችኝ። ባሏ ወታደር ነበር፤ አስመራ ነው ያለው ይባላል። ደብዳቤ ሲመጣላት እማዬን ነበር የምታስነብባት፤ ራሷ ማንበብ አትችልም ነበር። እማዬ የባሏን ስም ከፖስታው ላይ ታስታውሳለች፣ የእሷን ግን አታስታውስም፤ ፖስታው የሚመጣው በቀበሌው በኩል በሌላ ሰው ስም ነበር። ከዚያ 1983 መጣ። ሠራዊቱ ተበተነ። ባሏ ይመለስ አይመለስ ሳይታወቅ አንድ ቀን ቤቷ ተዘግቶ ተገኘ። ማንም ወዴት ሄደች ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም የራሱን ይዞ ነበር።

«ድንጋዩስ?» አልኳት።

«የቱ ድንጋይ?»

«የእኛ። ጥቁሩ።»

«እሱማ ቤቱን ስንለቅ በሩ ላይ ቀረ» አለች። ስኒዋን አስቀመጠች። ቡናው ቀዝቅዟል። እኔም ሦስተኛውን ሳልቀዳ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በርቶ ጠፋ፤ አላነሳሁትም። እማዬ በሁለት እጇ ጉልበቷን እያሸች ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።

«ልጅ ነበራት እኮ» አለች ቆይታ። «አንቺን የሚያክል ወንድ። እሷ አሁን ብትኖር ከእኔ ትበልጣለች። የሆነ ቦታ ተሰልፋ ከሆነ፣ ተራ የሚይዝላት ሰው ይኖራት ይሆን?»