ከአንጎል ወደ ጉበት፦ በጀርመን አገር የምርምር ሕይወቴ

የዶክትሬት ትምህርቴን በሃይደልበርግ የተከታተልኩት በአይጥ ጽንስ አንጎል ላይ ነበር። አንጎል ገና ቀጭን የነርቭ ቱቦ በሆነበት ጊዜ፣ የቱቦው አንዱ ክፍል መካከለኛ አንጎል፣ ቀጣዩ ደግሞ ኋለኛ አንጎል እንዲሆን ወሰኑን የሚያበጀው ምንድን ነው የሚለውን ነበር የምጠይቀው። ከመልሱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሕዋሶች እርስ በርስ የሚላላኩበት ዊንት የተባለ ፕሮቲን ነው። ተመራማሪዎቹ ሮል ኑሰና ሃሮልድ ቫርመስ በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የዊንት ጂን ያገኙት በአይጥ የጡት ካንሰር ውስጥ ሲሆን፣ በ1990 ግን ይህ ጂን የጎደላቸው የአይጥ ጽንሶች መካከለኛ አንጎልም ሆነ ሴሬቤለም (ከኋለኛ አንጎል የሚያድገው ትንሹ አንጎል) ሳይኖራቸው እንደሚያድጉ ታወቀ። አንድ መልእክት ሲጠፋ አንድ ሙሉ የአንጎል ክፍል አብሮት መጥፋቱ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

ይሁን እንጂ በጀርመን ሕግ አንድ ተመራማሪ በጊዜያዊ ውል ሊቀጠር የሚችለው በመሠረቱ ከዶክትሬት በፊት እስከ 6፣ ከዶክትሬት በኋላም እስከ 6 ዓመት ነው። ከአገራችን ለመጣን ሰዎች የመኖሪያ ፈቃዳችን ከሥራ ውሉ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ የምርምር ገንዘብ ማለቅ ማለት ሻንጣ ማሰር ማለት ሊሆን ይችላል። የነበርኩበት ቡድን ገንዘብ ሲያልቅ በሯን የከፈተችልኝ ጉበትን የሚያጠና ቡድን የምትመራ ፕሮፌሰር ነበረች። ወዳጆቼ «ያን ሁሉ ዓመት የለፋሽበትን ጥለሽ?» እያሉ አዘኑልኝ። እናቴ ግን በስልክ ስነግራት፣ «ልጄ፣ የወፍ በሽታን ነው የምታጠኚው? እንግዲህ እሱን እኛም እናውቀዋለን» አለችኝ፤ ስለ አንጎል ሥራዬ ስነግራት ከምርቃት በቀር ምንም ብላኝ አታውቅም ነበር።

ጉበት በዓይን ሲታይ ወጥ ሥጋ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ግን እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች የተደረደሩበት ሥርዓት ነው፤ ደም ከማዕዘኖቹ ገብቶ በመሐል ወዳለው የደም ሥር ይፈስሳል፤ ከጠርዝ ያሉት ሕዋሶችና ከመሐል ያሉትም የተለያየ ሥራ ይሠራሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2006 እንዳሳዩት፣ ይህን የሥራ ክፍፍል በዋናነት የሚመራው ያው ዊንት ነው። ኑሰ ራሱ በስታንፎርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ2015 መልእክቱን የሚልኩት የመሐሉን የደም ሥር ከውስጥ የሚሸፍኑት ሕዋሶች መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ ለእኔ የተቀየረው አካሉ እንጂ ጥያቄው አልነበረም። ቀጭን የሥጋ ቁራጭ መቁረጥን፣ አንድ ጂን የት እንደሚሠራ በቀለም ማሳየትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሰንን መፈለግን ከአንጎል ይዤው መጥቻለሁ።

ወደ አገሬ ጉዳይ ያቀረበኝም ይኸው የመሐሉ ቀጠና ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በምትገኝ አንዲት መንደር ከ2001 ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ነበር። ከዓመታት ምርመራ በኋላ ጥርጣሬው ያረፈው ከእህል ጋር ተቀላቅሎ በሚገኝ አጀራተም በተባለ አረም ላይ ነው፤ በውስጡ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር ወደ መርዝነት የሚለወጠው ጉበት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ የሚለውጡት ኢንዛይሞችም በብዛት የሚገኙት በመሐሉ የደም ሥር ዙሪያ ነው። ያለ ልክ የተወሰደ ፓራሲታሞል ጉበትን የሚጎዳው በዚያው ቦታ መሆኑም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የመንደሯን ታሪክ ባነበብኩ ጊዜ የገበሬዎቹ ሕመም እኔ በየቀኑ በማይክሮስኮፕ ከማየው ካርታ ላይ አርፎ አገኘሁት፤ ያን ቀን የሥራዬ ትርጉም ለእኔ ተለወጠ።

በሁለቱ መርዞች መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ፓራሲታሞል በዋናነት የሚገድለው የጉበት ሕዋሶቹን ራሳቸውን ስለሆነ፣ በደም ሥሩ ላይ ያሉት ላኪዎች ከተረፉ የመሐሉ ቀጠና እንደገና ሊገነባ ይችላል። የአረሙ መርዝ ግን የደም ሥሮቹን የሚሸፍኑትን ሕዋሶች፣ ማለትም የዊንትን ላኪዎች ጭምር ይጎዳል። ላኪው ራሱ ሲጠፋ ጉበት ወሰኑን ከምን ተነሥቶ እንደሚመልሰው ለማወቅ፣ አሁን ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር በዚሁ መርዝ የተጎዱ የአይጥ ጉበቶችን እየመረመርን ነው።