ሶዲየሙ የታለ?

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ተማሪዎቼ የላብራቶሪውን ጠረጴዛ ከበውታል። ብርጭቆ ሙሉ የጨው ውሃ፣ ሁለት የካርቦን ዘንግና አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አዘጋጅቻለሁ። «ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ ስንለያያቸው ታያላችሁ» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ቀድሜ አልሞከርኩትም። ሰሌዳ ላይ እኮ ቀላል ነው፤ የሶዲየም አዮን (ቻርጅ ያለው አተም) ወደ ኔጌቲቩ፣ የክሎራይድ አዮን ወደ ፖዘቲቩ፣ አለቀ።

ሽቦውን አገናኘሁ። ሁለቱም ዘንጎች አረፋ ማውጣት ጀመሩ። ከፖዘቲቩ በኩል በረኪና በረኪና ሸተተን። ክሎሪን! ደስ አለኝ። ኔጌቲቩ ላይ ግን ከአረፋ በቀር ምንም የለም።

«ቲቸር፣ ሶዲየሙ የታለ?» አለች ከፊት የቆመች ልጅ።

«ትንሽ ጠብቁ» አልኩ። ጠበቁ። ሶዲየሙ ሳይሆን ሳል መጣ። ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው፤ እኔ ደግሞ መስኮት እንኳ አልከፈትኩም።

አንጋፋው የላብራቶሪ ባለሙያ መስኮቶቹን በረጋገዱና ኔጌቲቩ አጠገብ ፊኖልፍታሊን ከተባለው ቀለም ቀያሪ ጠቋሚ ሁለት ጠብታ ጣል አደረጉ። ዙሪያው ሮዝ ሆነ። ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ውሃውን ረሳኸው እኮ» አሉኝ።

እውነትም ረስቼዋለሁ። ውሃው ጨውን ከማሟሟት ሌላ ሥራ ያለው አልመሰለኝም ነበር። ኤሌክትሮን በመቀበል ግን ውሃ የሶዲየም አዮንን ይቀድመዋል። ሃይድሮጅን ይለቅና ሃይድሮክሳይድ ያስቀራል፤ ሮዙን ቀለም ያመጣው እሱ ነው። የሶዲየም አዮኑ እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ሶዲየም የፈለገ ሰው ውሃውን ትቶ ጨውን ራሱን ማቅለጥ አለበት፤ ያውም በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ፋብሪካዎች ካልሲየም ክሎራይድ እየቀላቀሉ ወደ 600 ገደማ ያወርዱታል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪም እ.ኤ.አ. በ1807 ሶዲየምን ያገኘው ከቀለጠ ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) እንጂ ከጨው ውሃ አይደለም። የእኔ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ምን ቤት ነው?

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የኮፐር (የመዳብ) ክሎራይድ ውሁድ በውሃ አሟሙቼ መጣሁ። ቀድሜ ሞክሬዋለሁ፤ መስኮቱም ክፍት ነው። ትንሽ ቆይቶ ኔጌቲቩ ዘንግ ቀላ ያለ መዳብ ለበሰ። ያቺው ልጅ አጎንብሳ አየችውና ፊቷን አጨማደደች።

«ቲቸር፣ ዛሬም እኮ ውሃ አለ። ለምን አልቀደመውም?»

«የመዳብ አዮን ኤሌክትሮን በመቀበል ውሃን ይቀድማል» አልኳት። ይህችን እንኳ አጥንቼ ነበር የመጣሁት።