«አጠገብህ ሆኖ ዝም ትላለህ?»

ልጆቼን ይዤ ሐዋሳ የገባሁት ለታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነው። አስቤበት አይደለም፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በፈረንጅ ገና ስለሆነ ቀኑ እንዲያው ተገጣጠመ። ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማዋ ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም። አልጋ የለም፣ ባዶ ባጃጅ የለም፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ እንኳን ከዲላ የመጡ ዘመዶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ፍራሽ ዘርግተው ጠበቁን። የ7 ዓመቱ ልጄ ይህን ሁሉ ሰው አይቶ «የማን ልደት ነው?» አለኝ። ሜሪላንድ ያለው ቤታችን በሰው የሚሞላው ለልደት ብቻ ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

እኔ እዚያው ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ከወጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። አሁን የምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው፤ እንጀራም ወሬም አይጠፋበትም። መናፈሻም ሞልቶታል። ከቤታችን 10 ደቂቃ በእግር ሳንሄድ የልጆች መጫወቻ እናገኛለን፤ ለመግባት ገንዘብ አንከፍልም። መጫወቻው ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ትንንሾችና ከ5 እስከ 12 ዓመት ላሉ ትልልቆች ተብሎ በሰሌዳ ተለይቷል። ከዥዋዥዌውና ከሸርተቴው ሥር ደግሞ የወደቀ ልጅ እንዳይጎዳ ለስላሳ ጎማ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ተነጥፏል። ዊተን በሚባለው ትልቁ መናፈሻ ውስጥማ ልጆች የሚሳፈሩባት ትንሽ ባቡር ሳይቀር አለች። ይህን አስቀድሜ የማነሣው የሰው አገር መናፈሻ ልነቅፍ እንዳልተነሣሁ እንዲታወቅልኝ ነው።

ታዲያ እዚያ የወላጅ ሥራ አንድ ነው፤ የራሱን ልጅ ማየት። የሌላውን ልጅ አይነካም፣ አይቆጣም፣ አያጎርስም። አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሲጫወት የዋለ ሕፃን እኛ ምሳችንን ስንበላ ዐይን ዐይናችንን ሲያየን አላስችል አለኝና ከዳቦው ቆርሼ ሰጠሁት። እናቱ እየሮጠች መጥታ ከእጁ ቀማችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነበር። ለካ ልጁ ለውዝ ያለበት ነገር ከቀመሰ ጉሮሮው የሚያብጥ ኖሯል። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሷም ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ሰበሰብኩ።

ሕጉም ያንኑ ያስተምራል። በሜሪላንድ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ ጠባቂ ሆኖ የሚቀመጠውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 መጨረሻ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እኅት ከመናፈሻ ወደ ቤታቸው ብቻቸውን በእግር ሲመለሱ ፖሊስ አግኝቷቸው፣ ወላጆቻቸው ልጆቻቸውን ችላ ብለዋል ተብለው ተመርምረው ነበር። ፈረንጆቹ በየጋዜጣውና በየቴሌቪዥኑ ተከራከሩበት። የእኛ ሰው ሳይከራከር የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እኔም እንዲሁ።

በዓሉ አልፎ ከተማዋ ጋብ ስትል፣ እናቴን ጨምረን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ሄድን። መንገድ ላይ «ዳኤ ቡሹ» የሚል ሰሌዳ አየን። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ልጄ ከእኔ ቀድሞ ጮክ ብሎ አነበበው፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ ማለት መሆኑን እኔ ነገርኩት። አማርኛ ይሰማል፤ ማንበብ ግን ገና ነው። በገዛ ከተማዬ እርሱ አንባቢ፣ እኔ አስተርጓሚ ሆንን።

አሞራ ገደል ትቼው እንደሄድኩት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት መረባቸውን ይዘው ከሐይቁ ይወጣሉ፣ ወጣቶቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይፍቃሉ፣ ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቁመታቸው 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከ4 ዓመቷ ልጄ ይረዝማሉ። ራሰ በራ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ትከሻቸውን ሰብስበው ሲቆሙ ጡረታ የወጣ ዳኛ ይመስላሉ። እግራቸው የነጣው ሙቀት ለማብረድ በገዛ ኩሳቸው ስለሚቀቡት ነው ብዬ ስነግራቸው ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ። ስለ ሐዋሳ ስንት ዓመት ሙሉ ሳወራላቸው እንደዚህ ከልባቸው ሰምተውኝ አያውቁም።

ሳቁ ሲያልቅ ልጄ «መጫወቻው የት ነው?» አለ።

ዙሪያዬን አየሁ። ሐይቅ፣ ሾላ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ ዓሣ። እናቴ «ይኸው አይደለም እንዴ?» አለች።

መጫወቻው ቶሎ አገኘው። አንዲት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ብስኩቱን ከእጁ መንትፋ ተመልሳ ወጣች። ልጄ ተናደደ፤ ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ፤ ሳተ፤ ሁለተኛ አነሣ። ይህን ጊዜ ከኋላችን ነጠላ የለበሱ አሮጊት፣ ከበዓሉ የቀሩ እንግዳ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ እጁን ለቀም አደረጉት። «አንተ ማሙሽ! እርሷም ልጅ አላት እኮ፤ አስቀምጥ!» ድንጋዩን ተቀብለው ጣሉት፤ ዞር ብለው ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ የትንሿን ንፍጥ ጠረጉላት። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም። እኔም ፊቴ እንደተለዋወጠ ታወቀኝ። «እማማ፣ እኔ አለሁ፤ አባቱ ነኝ» አልኳቸው፤ በትሕትና የተናገርኩ መስሎኝ።

አሮጊቷ «እግዜር ያሳድግልህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እናቴ ግን አኮረፈች። እናቴ ስታኮርፍ አትጮኽም፤ የነጠላዋን ጥለት ደጋግማ ታስተካክላለች። በመጨረሻ ሲወጣላት እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው ልጅህን ሲቆጣልህ ‹አባቱ ነኝ› ይባላል? ያንተ መሆኑን ማን ካደህ?»

መልስ ሳላገኝላት ትንሿ ጠፋች።

የዓሣ ሾርባ ጠጥተን ሒሳብ እየከፈልኩ ነበር። ዞር ስል የለችም። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ሐይቅ አይፈራም ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ የታየኝ ውኃው ብቻ ነው። ስሟን እየጠራሁ አሥር እርምጃ እንኳን ሳልሮጥ ከዓሣ መፋቂያው በኩል «ቀይ ጃኬት የለበሰችዋን ነው? እዚህ ናት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆሎ የምትሸጠው ሴትም በእጇ ወደዚያው እያመለከተችኝ ነበር። ትንሿ ልጄ በተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት በየጣቷ ለጥፋ «ጥፍር! ጥፍር!» ትላለች። ዓሣ የሚፍቀው ወጣት «ጋሼ፣ ወደ ውኃው ስትሄድ አይቼ እዚህ አስቀመጥኳት፤ ቢላዋም አላስነካኋትም» አለኝ። ኪሴ ስገባ ገብቶት ሳቀ። «ዓሣ ልትገዛ ከሆነ ግዛ።» ስድስት ቆሮሶ ገዛሁ። እናቴ «ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» እያለች ብትቆጣም ፊቷ በርቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ሕፃን ሐይቅ ዳር ልቀቁ እያልኩ አይደለም። ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ነው። ልጆቼ እንዋኝ ብለው ሲያስቸግሩኝም በቢልሃርዚያ ምክንያት ከለከልኳቸው። ጥገኛ ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ የሰውን ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው፤ ለመያዝ እግርን መንከር ይበቃል። ሐኪማቸው ገና ሳንነሣ አስጠንቅቆናል። ልጄ «አንተ ልጅ ሆነህ ዋኝተሃል ብለኸኝ የለ?» አለኝ። ዋኝቻለሁ። ትምህርት ቤት ተሰልፈን የዋጥነውን ኪኒን ግን አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ «እውነተኛ መጫወቻ» ስለፈለጉ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ወዳለበት አንድ መዝናኛ ወሰድኳቸው። ስሙን ልተወው። ለመግባት ትከፍላለህ፣ ለመቀመጥ ደግሞ ጁስ ታዝዛለህ። በልጅነቴ ሐይቁ ዳር ለመዋል ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ልጅ አላውቅም ነበር፤ አሁን ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ በር አለው። በአጥሩ ሽቦ በኩል የጨርቅ ኳስ የያዙ አራት አምስት ልጆች የእኔን ልጆች ዥዋዥዌ ሲጫወቱ ያያሉ። ለልጄ ስለ ፊቼ ጫምባላላ የነገርኩት እዚያ ቆሜ ነው። ዩኔስኮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 በመዘገበው በዚህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ በየጎረቤቱ ይዞራሉ፤ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡርሳሜ ይበላሉ። እኔ ሲዳማ ባልሆንም የጎረቤቶቻችንን ቡርሳሜ በልቼ ነው ያደግሁት፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ልጄ ትንሽ አሰበና «አለርጂ ያለበት ልጅስ?» አለኝ። የተማረው ይህን ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ይህን እያወራን ከአጥሩ ውጭ ከነበሩት አንዱ፣ 9 ዓመት ቢሆነው ነው፣ በሽቦው ሥር ሾልኮ ገባ። በቀጥታ ወደ ሸርተቴው ሮጠ። ሸርተቴው ዝገት የበላው ነው፤ የመሰላሉ ሁለት ደረጃዎች የሉም፤ የራሴን ልጆች ገና ስንገባ ከልክያቸዋለሁ። ለልጁ ከሁሉ የቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ብዘረጋ እግሩን እይዘው ነበር። ያደረግሁት ግን ወላጁን መፈለግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደምለማመደው ከወንበር ወንበር እያየሁ እናቱ የትኛዋ ትሆን እላለሁ። ከአጥር ሥር ሾልኮ የገባ ልጅ እናቱ እዚያ ምን ትሠራለች? ልጁ ጫፉ ላይ ሲደርስ እግሩ አዳለጠው፤ በአንድ እጁ ተንጠለጠለ። ከሩቅ ጠረጴዛ አንድ ጎልማሳ ብርጭቆውን አፍስሶ ሮጦ መጥቶ ወገቡን ይዞ አወረደው። መጀመሪያ ልጁን ተቆጣው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድሜ፣ አጠገብህ ሆኖ ዝም ትላለህ?»

«የእኔ ልጅ አይደለም» አልኩት።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የእኔስ ነው?» አለኝና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

ልጁን ጥበቃው መጥቶ አስወጣው። ዝገቱን ግን ማንም አላነሣውም፤ ስንወጣ ለአስተናጋጁ ስለ ሸርተቴው ነገርኩት፤ «እሺ» አለ፤ በምን ዓይነት እሺ እንደሆነ አገር ቤት የኖረ ያውቀዋል። ማታ ለእናቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ልትገሥጸኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ራበህ?» ብላ እራት አቀረበች። ይህ የባሰ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት በነበረው ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወረድን። ጀልባዎቹ ተደርድረዋል፤ ፀሐይዋ ወደ ማዶው ተራራ አዘንብላለች። አንድ ትልቅ ሾላ ቅርንጫፉን ውኃው ላይ ዘርግቷል፤ ጫፉ ላይ አንድ ልጅ በሆዱ ተኝቶ የወደቀ ነገር ለማንሣት እጁን ወደ ታች ሰዷል። ቅርንጫፉ ይንቀጠቀጣል። በዚያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እኔም አየሁት፤ በልማዴ እናቱን ልፈልግ ዞር ማለት ስጀምር አፌ ቀደመኝ።

«አንተ ልጅ! ውረድ ከዚያ!»

ድምፁ የእኔ አይመስልም፤ የአባቴን ይመስላል። ልጁ ደንግጦ ሳይሆን እንደ ሥራው ቆጥሮት «እሺ ጋሼ» አለና በሆዱ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ግንዱን ይዞ ወረደ። ሱሪውን አራግፎ ወደ እኔ መጣ። ሊከራከረኝ ነው ብዬ ስጠብቀው ጣቱን ከኋላዬ ቀሰረ።

«ጋሼ፣ ያ ያንተ ልጅ ነው? ጫማውን አውልቆ ውኃ ሊገባ ነው እኮ።»