ቀትር ላይ በሰሜን ተራሮች፦ ከጠንካራ ፀሐይና ከሰማያዊ ጥላ ጋር እንዴት እንደሠራሁ

ስለ ተራራ ፎቶ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የንጋትና የምሽት ብርሃን ነው። እኔ ግን ከሰሜን ተራሮች የምወዳቸውን ፎቶዎች አብዛኞቹን ያነሳሁት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙም አይርቅም። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ለስላሳው ብርሃንም ቶሎ ያልቃል። ከግጭ ካምፕ ተነስቶ ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጥሩውን እይታ የሚያገኘው መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ያን ሰዓት ትቶ ማለፍ ተራራውን ትቶ ማለፍ ነው።

እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ሳትለዝብ ትደርሳለች። ጥላ ያለበት ቦታ ደግሞ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ብቻ ነው፤ ሰማዩም ደማቅ ሰማያዊ ነው። በዚያ ላይ ትልቁ ገደል ፊቱ በአመዛኙ ወደ ሰሜን አቅጣጫ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ ስለምትሄድ፣ የቆምኩበት ጓሳ ቢጫ ሆኖ ሲያበራ ገደሉ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ጥላ ውስጥ ይውላል። በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ ማለት ነው። በኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይበልጥ ሰማያዊ ነው) ፀሐይ ያረፈበት ወደ 5,300፣ ጥላው 8,000 እና ከዚያም በላይ። ካሜራው በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ አውቶማቲክ ዋይት ባላንስን፣ ካሜራው ቀለሙን ከብርሃኑ ጋር ራሱ የሚያስተካክልበትን፣ አጠፋሁት። አውቶማቲኩ ሰማያዊ ገደል ሲበዛበት ጓሳውን ብርቱካንማ ያደርገዋል፣ ትንሽ ዞር ሲባል ደግሞ ሐሳቡን ይቀይራል። ቁጥሩን 5,300 ላይ አስሬ ሁሉንም በሮው ፎርማት (ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር የሚያስቀምጥበት) አነሳሁ። በሮው ሲነሳ ቀለሙ በኋላም ይስተካከላል። ግን ፎቶዎቹ ሁሉ ከአንድ መነሻ ሲጀምሩ ኤዲቲንጉ በጣም ይቀላል። ለቀለም ማመሳከሪያ የሚሆን ግራጫ ካርድም ይዤ ነበር። አንዴ ፀሐይ ላይ፣ አንዴ ጥላ ውስጥ አድርጌ አነሳሁት። ይህችን ትንሽ ሥራ ማንም ባይዘላት ደስ ይለኛል፤ ቤት ሲገባ ዓይን የትኛው ቀለም እውነተኛ እንደነበር ይረሳል።

ኤክስፖዠር (የፎቶው የብርሃን መጠን) ላይ የማምነው ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ብቻ ነው። በዚያ ፀሐይ የካሜራው ስክሪን ጨለም ብሎ ስለሚታይ ሰው ሳያስበው ያነጣዋል። የሦስቱን ቀለማት ሂስቶግራም ለየብቻ አያለሁ፤ በደረቀ ጓሳ ላይ ቀድሞ የሚቃጠለው፣ ማለትም ከልክ በላይ በርቶ ዝርዝሩ የሚጠፋው፣ ቀዩ ነው። የነጣው ደመና እንዳይጠፋ አድርጌ አስተካክላለሁ። ከዚያ ሁለት ስቶፕ (አራት እጥፍ) አብርቼ ለገደሉ ሌላ አነሳለሁ። ግማሹ ጨለም ያለ ፊልተር እዚያ አይጠቅምም። አድማሱ ጥርስ ጥርስ ስለሆነ የጫፎቹን አናት ያጠቁራል።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ጉሙ ነው። ረፋድ ላይ ቆላው ሲሞቅ ጉም በገደሉ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። አብሮን የሚሄደው ስካውት ይህን ከኔ በፊት ያውቀዋል። «ጋሼ፣ እንቀጥል?» ስለው «ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል፤ ጉሙ እየመጣ ነው» አለኝ። ጉሙ ከገደሉ ፊት ሲቆም ፀሐይ ያርፍበትና ነጭ ብርሃኑን ወደ ጥላው መልሶ ይልካል። የድንጋዩ ሰማያዊነት ይቀንሳል፣ የባዛልቱ ቡናማ ንብርብር ይወጣል። እንዲህ ያለውን ብርሃን በምንም ሶፍትዌር አላገኘሁትም። እስካሁን ተራራ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ ሌንስ ላይ የሚዞር ፊልተር) ይዤ ነበር፣ ግን በልክ ነው የተጠቀምኩት። የጅብራ ቅጠል ላይ ያለውን ነጸብራቅ ሲያነሳው አረንጓዴው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሰማዩ ግን በዚያ ከፍታ በራሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። እስከ መጨረሻው ካዞርኩት ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ በሰፊ ሌንስ ደግሞ ሰማዩ መሃል ላይ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ ግማሽ ያህል ብቻ አዞረዋለሁ።

ቤት ስገባ ኮምፒውተሩ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርግበትን ሴቲንግ አጠፋሁ። መጀመሪያ ፀሐይ የነካውን ጓሳ አስተካከልኩ። ከዚያ ጥላውን ብቻ በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ለይቶ በሚመርጥ መሣሪያ) መርጬ ሞቅ አደረግኩት፣ ግን ግማሽ መንገድ ድረስ ነው። ሰማያዊው ጨርሶ ሲወጣ ገደሉ እንደ ካርቶን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ብርዱም ጥልቀቱም አብሮ ይሄዳል። ጥላ ሲበራ ሐምራዊ ነገር ብቅ ካለ ወደ አረንጓዴ ትንሽ መግፋት ይበቃል። የሩቆቹን ተራሮች ሰማያዊ ጭጋግ ደግሞ ጨርሶ አልነካውም። ዲሄዝ የሚባለውን ጭጋግ የሚያጠፋ ማስተካከያ ሰው ሲያበዛው አዝናለሁ። ርቀቱን የሚያሳየው እኮ ያ ጭጋግ ነው።

ስልክ ብቻ ያለው ሰውም አብዛኛውን ይህን ማድረግ ይችላል። በብዙ ስልኮች ላይ ደመናውን ተጭኖ በመያዝ ብርሃኑን መቆለፍ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ታች ማውረድ ይቻላል። ፕሮ ሞድ ካለው ዋይት ባላንሱን እዚያ ገብቶ በቁጥር ማሰር፣ ሮው ካለውም እሱን ማብራት ነው። ኤች ዲ አር የሚባለውን፣ ብሩሁንና ጨለማውን ቦታ የሚያመጣጥነውን፣ ግን ጉም ባለበት ሰዓት አጥፍቼ አነሳለሁ፤ ጉሙን ግራጫ ያደርግብኛል።